የስሙን ኮለም አጥፍቼው ነበር

ቱሉ ዲምቱ ነበርን። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዷን ለሦስት ወር ተከራይተን ቢሮ አድርገናታል። ጠረጴዛ ሁለት፣ የፕላስቲክ ወንበር አራት፣ ጥግ ላይ የውሃ ጀሪካን። ነፋሱ አቧራውን ይዞ በበሩ ሥር ስለሚገባ ላፕቶፑን በየሰዓቱ በጨርቅ እየጠረግኩ ነበር የምሠራው። የጤና ጥናት ነው። ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ በታብሌት መጠይቅ ይሞላሉ፣ ማታ ዳታው እኔ ጋ ይመጣል፣ እኔ አጸዳዋለሁ። ማጽዳት ስል ዕድሜ 340 ተብሎ የገባውን ደውሎ ማጣራት፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ማውጣት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ሲያልቅ አለቃችን "ስሙን አጥፋውና ላክላቸው" አለኝ። አጠፋሁት። የስሙን ኮለም፣ የስልኩን ኮለም፣ የቤት ቁጥሩን ኮለም። ፋይሉን "ስም የሌለው" ብዬ ሴቭ አደረግኩት። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ነው የመሰለኝ። የዚያኑ ቀን ማታ የቡድናችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሁሉም አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት።

በማግስቱ አንዷ ባልደረባችን ሻይ ይዛ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። ዳታ ሲሰበሰብ ግን ሌላ ሳይት ነበር የተመደበችው፣ የራሷን ጎረቤት የጤና ጉዳይ እንዳትጠይቅ ተብሎ። እኔ እያወራኋት እሷ ስክሪኑን ታያለች። አንድ ረድፍ ላይ ቆመች። ሴት፣ 61 ዓመት፣ ባል የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ትውልድ ደብረ ታቦር፣ ሁለት የልጅ ልጆች አብረዋት ይኖራሉ፣ ብሎኩ ደግሞ የእሷው ብሎክ።

"እንዴ፣ እትዬ..." ብላ ስማቸውን ጠራች።

ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ ቀጥሎ ወዳለው ኮለም አልፎ ነበር። እዚያ የሚወስዱት መድኃኒት ተጽፏል። የምን መድኃኒት እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። ከላይ የዘረዘርኩትንም ቀያይሬዋለሁ፣ ዕድሜውንም፣ ሙያውንም፣ የትውልድ ቦታውንም። እንዳለ ብጽፈው ያንኑ ጥፋት መድገም ነው።

ሻይዋን ሳትጠጣው ወጣች። እኔ ፋይሉን ከግሩፑ አጠፋሁት። ግሩፑ ውስጥ ግን 30 ሰው አለ፣ ፋይሉም ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቆይቷል፣ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ደግሞ አለ። አንድ በአንድ ደውዬ ለመንኳቸው። ሁሉም እሺ አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልደረባዬ የነገረችኝን አልረሳውም። ሴትዮዋን ደረጃ ላይ አገኘቻቸው። እንደ ወትሮው ፌስታላቸውን ተቀብላ እስከ አራተኛ ፎቅ አደረሰችላቸው። "እንደ ድሮው ልስማቸው ስል ያ ሠንጠረዥ መጣብኝ" አለችኝ። እሳቸው ምንም አያውቁም። መርቀዋታል። እሷ ግን እሳቸው ያልነገሯትን ነገር ስለምታውቅ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ያንን ነገር በእሷ ላይ የጫንኩባት እኔ ነኝ። በሴትዮዋም ላይ ያደረግኩትን እሳቸው ባያውቁትም እኔ አውቀዋለሁ።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ትክክለኛው ቃል "ግላዊነት" አይመስለኝም። ግላዊነት የወረቀት ቃል ነው። እናቴ የምትለው ገመና ነው። ገመና ጥፋት አይደለም፣ ወንጀልም አይደለም። የሌለው ሰው የለም። ከቤት የማይወጣ፣ ደጅ የማይሰጣ ነገር ነው። ማታ ማታ ምን እንደሚበላ፣ ባልና ሚስት ለምን እንደተኳረፉ፣ ትራስ ሥር የትኛው ኪኒን እንዳለ። ለሰው የሚሰጥ ትልቁ ምርቃትም "ገመናህን ይሸፍንልህ" ነው። እኔ የሰው ገመና ሸፍን ተብዬ ስሙን ብቻ ሸፍኜ ነው የተነሳሁት።

የዚያን ሰሞን ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ስም ከጠፋ በኋላ ሰው እንዴት ይታወቃል? ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሁሉ መጨረሻው አንዲት ሴት ጋ ነው፤ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ። (ከዚህ በኋላ የውጭውን ስጽፍ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የአገራችንን ስጽፍ በእኛው አቆጣጠር።)

ነገሩ ማሳቹሴትስ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ነው የሆነው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ። ለግዛቲቱ ሠራተኞች የጤና መድን የሚገዛው መሥሪያ ቤት ወደ 135,000 የሚጠጉ ሠራተኞችንና የቤተሰቦቻቸውን የሕክምና መረጃ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ስም ወጥቷል። አድራሻ ወጥቷል። ገዥው ዊልያም ዌልድም የሰው ሚስጥር የተጠበቀ ነው ብሎ ለሕዝቡ አረጋግጧል። የቀረው የልደት ቀን፣ ፆታና ዚፕ ኮድ ነው፣ ከሕመሙና ከመድኃኒቱ ጋር። ዚፕ ኮድ የሚሉት የፖስታ ሰፈር ቁጥር ነው።

ስዊኒ ያኔ ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ገዥው ካምብሪጅ ከተማ እንደሚኖር ታውቃለች። 20 ዶላር ከፈለችና የካምብሪጅን የመራጮች መዝገብ ገዛች። መዝገቡ ላይ 54,000 ያህል ሰው አለ፣ ከስሙ፣ ከአድራሻው፣ ከዚፕ ኮዱ፣ ከልደት ቀኑና ከፆታው ጋር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በገዥው የልደት ቀን የተወለዱ ስድስት ሰዎች ተገኙ። ከስድስቱ ወንዶቹ ሦስት ናቸው። ከሦስቱ በእሱ ዚፕ ኮድ የሚኖረው አንድ ነው። በቃ። የገዥው የሕክምና መዝገብ ወጣ።

ይህን ሳነብ ያ የኛ ሱቅ ነው የታየኝ። ባልደረባዬ ኮምፒውተር አላስፈለጋትም፣ 20 ዶላርም አላስፈለጋትም። የመራጮች መዝገቡ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበረ። ጎረቤት ማለት እኮ እሱ ነው።

ስዊኒ እዚያ ላይ አልቆመችም። አንድ ታዋቂ ሰው መገኘቱ ወሬ ነው፣ ስንት ሰው እንደዚህ ሊገኝ ይችላል የሚለው ነው ጥናት። በ2000 ባወጣችው ጽሑፍ የ1990ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይዛ አሰላች። በእሷ ስሌት ከሕዝቡ 87 በመቶው በእነዚያ ሦስት ነገሮች ብቻ፣ ማለትም በልደት ቀን፣ በፆታና በዚፕ ኮድ፣ ከሌላው ሊለይ ይችላል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ምንም አይደሉም። ፆታ ለግማሹ ሕዝብ የጋራ ነው። ሰፈርም የብዙ ሺህ ሰው ነው። ሲገጣጠሙ ግን እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ።

እዚህ ጋ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ይህ 87 በመቶ የሚለው ቁጥር የወጣው ትልቅ መጽሔት ላይ አይደለም። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በወጣ ረቂቅ ጽሑፍ፣ እነሱ ወርኪንግ ፔፐር በሚሉት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፣ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ቁጥር ነው። ስንት ጽሑፍ አወጣህ፣ ስንት ሰው ጠቀሰህ፣ ኤች ኢንዴክስህ ስንት ደረሰ። ኤች ኢንዴክስ ለማታውቁት፣ 20 ጽሑፍ ኖሮህ እያንዳንዱ ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሰ 20 ነህ ማለት ነው። አልፈርድበትም፣ እድገት የሚሰጡት በዚያ ነው። የስዊኒም ሥራ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። ግን እኔን የያዘኝ እሱ አይደለም።

እኔን የያዘኝ ይኸው ነው። ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ ደንብ ሲወጣለት፣ በ2000 መጨረሻ ማለት ነው፣ የእሷ ሥራ ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር። ደንቡ ካስቀመጣቸው ሁለት መንገዶች አንዱ፣ አንድ ሆስፒታል መረጃ ከማውጣቱ በፊት የሚያጠፋቸውን 18 ነገሮች ይዘረዝራል። ስም አንዱ ብቻ ነው። ከልደት ቀን ዓመቱ ብቻ ይቀራል፣ ወርና ቀኑ ይወጣል። ከአምስቱ የዚፕ ኮድ አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ይቀራሉ፣ እሱም በእነዚያ ሦስት አኃዞች ሥር ከ20,000 ሰው በላይ የሚኖር ከሆነ ነው። ዕድሜው ከ89 በላይ የሆነ ሰው "90 እና ከዚያ በላይ" በሚል አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ የ97 ዓመት አዛውንት በየሰፈሩ ብዙ ስለማይገኙ።

እስቲ አስቡት። ደንቡ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ2003 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ የሆስፒታል ጸሐፊ፣ የስዊኒን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ፋይል ከመላኩ በፊት ወርና ቀኑን ያጠፋል። አምስቱን አኃዝ ሦስት ያደርጋል። እሷን አይጠቅሳትም። ኤች ኢንዴክሷም በዚህ አይጨምርም። ግን የአንዲት ሴት መድኃኒት ጎረቤቷ ዓይን ውስጥ ሳይገባ ቀረ። የአንድ ምሁር ሥራ ምን ለወጠ ተብሎ ሲጠየቅ እኔ የምቆጥረው ይህንን ነው። አይቆጠርም፣ አውቃለሁ። ያልደረሰ ጉዳት ሪፖርት የለውም።

የሚተቿትም አሉ፣ እሱን መዝለል ልክ አይሆንም። በ2006 ፊሊፕ ጎል የተባለ ተመራማሪ ስሌቱን በ2000ው ቆጠራ ደግሞ ሠርቶት 87 ሳይሆን 63 በመቶ አካባቢ ነው ያገኘው። በ2012 ደግሞ ዳንኤል ባርት ጆንስ የገዥውን ታሪክ መልሶ መረመረው። የመራጮች መዝገብ የከተማውን ሰው ሁሉ አይዝም፣ ስለዚህ ያ ልደት፣ ያ ፆታና ያ ዚፕ ኮድ ያለው ሌላ ያልተመዘገበ ሰው ሊኖር ይችል ነበር፣ ገዥው የታወቀ ሰው ባይሆንና በ1996 የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል መግባቱ በዜና ባይወራ ኖሮ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር ይላል። ትችቱ ተገቢ ነው፣ ቁምነገርም አለው። ግን 63 በመቶ ራሱ ከመቶ 63 ሰው ነው። እኔ ከዚያች ሱቅ የያዝኩት ቁጥር አንድ ሴት ናት፣ እሷም በዝታብኛለች።

ስዊኒ ለዚህ ዓይነት ክርክር መልስ የምትሰጠው ሌላ ሙከራ በመሥራት ነው። በ2013 የዋሽንግተን ግዛትን የሆስፒታል መረጃ በ50 ዶላር ገዛች። ስም የለውም። ከዚያ ተራ የጋዜጣ ዜናዎችን ሰበሰበች፣ እከሌ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ሆስፒታል ገባ የሚል ዓይነት። ከ81 ዜናዎች 35ቱን ከትክክለኛው የሕክምና መዝገብ ጋር ገጠመቻቸው። 43 በመቶ መሆኑ ነው። ገዥ አይደሉም፣ ዝነኛ አይደሉም፣ አደጋ የደረሰባቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ግዛቲቱ ከዚያ በኋላ ሕጓን ቀየረች።

የሕይወቷን ታሪክ በአጭሩ ልበል። በ2001 ከኤም አይ ቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት። ካርኔጊ ሜለን አስተማረች፣ ቀጥሎ ሃርቫርድ። በ2014 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ዋና የቴክኖሎጂ ባለሙያ ሆና ሠርታለች። በ2013 ያወጣችው ሌላ ጥናትም አለ። የራሷ ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ አጠገቡ "ታስራ ታውቃለች?" የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ይወጣል። ታስራ አታውቅም። 2,184 ስሞችን ፈተነች። ጥቁሮች የሚጠሩባቸው ስሞች ሲፈለጉ የእስር ማስታወቂያው የመውጣት ዕድሉ በ25 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አገኘችው። ስም ብቻውን ስንት ነገር እንደሚናገር ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአባትና የአያት ስም ሲጨመርማ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ፣ ምክንያቱም የእሷን ሥራ ሳነብ እንዳለ ገልብጠን ልንጠቀምበት እንደማንችል ገብቶኛል።

የእኛ የልደት ቀን እንደ እነሱ አይደለም። የእናቴ መታወቂያ ላይ መስከረም 1 ነው የተጻፈው። የአክስቴም መስከረም 1 ነው። የጎረቤታችን የአቶ እከሌም እንደዚያው። እናቴን መቼ ተወለድሽ ብትሏት "ትልቁ በረዶ በጣለ በዓመቱ" ነው የምትላችሁ። ስለዚህ የእሷን ትውልድ በልደት ቀን መለየት ይከብዳል፣ መስከረም 1 ራሱ ደህና መደበቂያ ሆኗቸዋል። ዚፕ ኮድም ለቤታችን የለንም። ቱሉ ዲምቱ አድራሻ የሚነገረው "ከታክሲ ወርደህ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ" እየተባለ ነው።

ታዲያ እኛን የሚያጋልጠን ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎክና ፎቅ ከተጻፈ አምስት ስድስት ቤት ነው የሚቀረው። ከየት እንደመጣህ። ዕድርህ የቱ ነው። መምህር ነህ፣ ሹፌር ነህ፣ ነርስ ነህ። መንታ ልጆች ካሉህ አለቀልህ፣ ብሎኩ ውስጥ ካንተ ሌላ የመንታ አባት ላይኖር ይችላል። ከተማው ዳር ስንወጣ ሰው ይበታተናል፣ አይተዋወቅም ይባላል፣ ግን እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ጉድጓድ ውሃ ስንጋራ ከርመናል። መብራት ሲጠፋ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው የምናወራው። ማን የማን እናት እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። እኛ ጋ ሰው የሚታወቀው በስሙ አይደለም፣ የእከሌ እናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ያቺ ነርሷ እየተባለ ነው። ስሙን ብቻ ያጠፋ ሰው ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ነው ያጠፋው።

በእኛም አገር ስለወጡት ሁለት አዋጆች ሰምታችሁ ይሆናል። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ በ2015 ወጣ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ጸደቀ። የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ አስገብቶታል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መውጣቱ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን እኔ ያንን ፋይል በላክኩበት ጊዜ አዋጁ ቢኖርም የምልከው ይመስለኛል። ስም አጥፍቻለሁና ሕግ የጠበቅኩ ነበር የሚመስለኝ። አዋጁ እኔ ቢሮ እንዲደርስ በመሃል አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ የዚህን አገር መረጃ ይዞ "ብሎክ፣ ሙያና የትውልድ ቦታ ሲገጣጠሙ ይኸው ሰው ተገኘ" ብሎ በቁጥር የሚያሳይ። 20 ዶላር ከፍሎ መዝገብ እንደሚገዛ ተማሪ ያለ ሰው። ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ ራቅ ብሎ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ ይህንን አስባለሁ። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ደብተራቸውን አቅፈው መንገድ ይሻገራሉ። ከእነሱ አንዱ ይህን ቢሠራ መጽሔቱ የትም ይሁን እኔ አነበዋለሁ።

ባለፈው ወር ኮፒ ቤት ገባሁ፣ የመታወቂያዬን ፎቶ ለማሳተም። ልጁ "በቴሌግራም ላክልኝ" አለኝ። ላኩለት። ከፈተው። ቴሌግራሙ ላይ ከእኔ በላይ ያለው የአንዲት ሴት ፓስፖርት ነው፣ ከእሱ በላይ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከእሱ በላይ የሆነ ሰው የሕክምና ወረቀት ከነማህተሙ። ዴስክቶፑማ ቦታ አልቀረውም፣ ሁሉም ፋይል የሰው ስም ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ፣ ሳንቲም ሲጎድልህ "ነገ ታመጣለህ" የሚል ልጅ ነው። "የኔን አጥፋልኝ" አልኩት። ወዲያው አጠፋው። "ሪሳይክል ቢኑንም" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ገብቶት ይመስለኛል፣ ከፍቶ ባዶ አደረገው። ከኋላዬ የቆሙ አንድ አባት ነጠላቸውን አስተካከሉና "የኔንም እንደሱ አድርግልኝ የኔ ልጅ፣ ትናንት የሰጠሁህንም" አሉት። ፈልጎ አገኘውና አጠፋላቸው።

የስዊኒ ሌላው ትልቅ ሥራ ኬ አኖኒሚቲ ይባላል። ከፒየራንጄላ ሳማራቲ ጋር በ1998 ጀምረውት እሷ በ2002 በሰፊው ጽፋበታለች። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከመረጃው ውስጥ እንዳይለይ ከፈለግክ ቢያንስ ከሌሎች የተወሰኑ ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት አስመስለው። አምስት ካልክ አምስት። ያ ረድፍ ያለው ዕድሜ፣ ያ ፆታ፣ ያ ሰፈር ቢያንስ በአምስት ረድፍ ላይ መደገም አለበት። ካልተደገመ ዕድሜውን አስፋው፣ 61 ከማለት 60 እና ከዚያ በላይ በለው። ሰፈሩን አስፋው። እስኪደገም ድረስ አስፋው። ለእኔ ነጠላ መስሎ ነው የታየኝ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁሉም ነጠላውን ተከናንቦ ሲቆም እናትህን ከኋላ መለየት የሚያቅትህ ጊዜ አለ አይደል፣ እንደሱ።

ቀዳዳም አለው። አምስቱም ሰዎች አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አያስፈልግህም፣ ከአምስቱ አንዷ መሆኗ በቂ ነው። ይህን በ2006 ሌሎች ተመራማሪዎች አሳዩ፣ ማሻሻያም አቀረቡ። ያን ዓመት ሲንቲያ ድዎርክና ባልደረቦቿ ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ የሚባለውን ይዘው መጡ። እዚያ ላይ መልሱ ራሱ ትንሽ በተሰላ መጠን ይዛባል፣ አንድ ሰው መረጃው ውስጥ ኖረ አልኖረ ከመልሱ እንዳይታወቅ። አሜሪካኖቹ የ2020ን ቆጠራ ያወጡት በእሱ ነው። በስዊኒ ሥራ ላይ ቀዳዳ ፈልገው ያገኙት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የቆሙት እሷ ባነሳችው ጥያቄ ላይ ነው፣ ይህም ከሥራዋ ፍሬ ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

እኛ ያንን ረቀቅ ያለውን መሥራት አንችልም ነበር። ነጠላውን ግን እንችል ነበር። አለቃችን ጋ ሄጄ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። "ለምን? ስም እኮ የለውም" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት፣ ስማቸውን ሳልጠራ። ዝም ብሎ ቆየና "ሰባት ቀን" አለኝ።

ዕድሜውን በአሥር በአሥር ዓመት ከፋፈልኩት። ብሎኩን አጥፍቼ ሳይቱን ብቻ አስቀረሁ። የትውልድ ቦታ ለጥናቱ ምንም አይጠቅምም ነበር፣ መጠይቁ ላይ ስላለ ብቻ ነው የተጠየቀው፣ ኮለሙን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ሙያውን በአራት ትልልቅ ምድብ ጠቀለልኩት። ከዚያ ሠንጠረዡን ሶርት አድርጌ ብቻውን የቀረ ረድፍ አለ ወይ ብዬ ፈለግኩ። አለ። አንዱን አስፍቼ ስዘጋ ሌላው ይወጣል። አንድ አዛውንት እስከመጨረሻው ብቻቸውን ቀሩ፣ በምንም ከሌላ ሰው ጋር አልገጥም አሉ። የእሳቸውን ረድፍ አወጣሁት። አንድ ሰው ከጥናቱ መውጣቱ ቆጭቶኛል፣ ቁጭ ብለው ለአርባ ደቂቃ የመለሱት ሰው ናቸው። መድኃኒቱንም አየሁ፣ በየምድቡ የተለያየ መሆኑን።

በስድስተኛው ቀን ባልደረባዬን ጠራኋት። ላፕቶፑን አዙሬ ሰጠኋት። "ፈልጊያቸው" አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከላይ ጀምራ ወረደች። ጣቷ ስክሪኑን እየነካ ነው የምታነበው፣ አቧራው ላይ መስመር እየሠራች። ሴት፣ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ያ ሳይት። እዚያ ስትደርስ ቆመች። አሥራ አንድ ሴቶች አሉ። ወደ ላይ መለሰችው፣ እንደገና ወረደች። የመጀመሪያዋን አየች፣ ሦስተኛዋን አየች፣ ወደ ሰባተኛዋ ሄደች፣ ተመለሰች።

"የቷ ናቸው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

ሻይዋ አጠገቧ ነበር። አነሳችውና ጠጣችው።